ደጋን በዝናብ ከቤት ይወጣል? ከሐዋሳ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት 19 መልሶች

የመነሻው ጽሑፍ

ነዋሪነቴ በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአናጺ ጎረቤቴ ጋር ሆነን ከወይራ እንጨት ደጋን ጠርበን ነበርና፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ አቁሜ ቅዳሜና እሑድ ቀስት እወረውራለሁ። አደን አልወጣም፤ ጆንያው ይበቃኛል። አዳኙ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራው ጋሼ እያልሁ ነው፤ እዚህም ጋሼ እለዋለሁ። በዚያ ግዛት አጋዘንን በቀስት ማደን ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ስለሚፈቀድ፣ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ ነጭ ጅራት የሚባለውን አጋዘን ፍለጋ ጫካ ይገባል፤ ሲቀናውም ፎቶግራፍ ይልክልኛል።

ጋሼ ደጋግሞ እንደሚለኝ ከሆነ፣ ዝናባማ ቀን ለቀስት አዳኝ እንቅፋት ሳይሆን ሲሳይ ነው፤ የረጠበ ቅጠል ከእግር በታች አይንኮሻኮሽም፣ አጋዘኑም ዝናቡ ሊጥል ሲልና ካባራ በኋላ ለመመገብ ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ ደጋን በዝናብ ከቤት መውጣት የለበትም ባይ ነኝ፤ ይህንንም የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ደጋኑን ከነአውታሩ በረንዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ጣሪያው ስለሚከልለው አንድም ቀን ጠብታ አልነካውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አውርጄ ስስበው ግን እጄ ላይ ላላ፤ ቀስቶቹም ከለመዱት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ እያሉ የጆንያውን ግርጌ ይወጉ ጀመር። ከሽንኩርት ነጋዴ ጎረቤቴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሼ፣ አውታሩን በመንጠቆው ይዤ እስከ 66 ሳንቲ ሜትር ስስበው 15 ኪሎ ተኩል አነበብሁ። በመጋቢት ወር፣ በዚያው ሚዛንና በዚያው ርቀት 18 ኪሎ ነበር። አውታሩን ስፈታውም እንጨቱ እንደ ወትሮው ቀጥ በማለት ፋንታ አራት ጣት ያህል ጎብጦ ቀረ። አውታር ያደረግሁት የናይለን ሲባጎም ረዝሞ ክንዴን ይገርፈኛል፤ ከሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ለቅሜ በቀስቶቹ ጭራ ላይ የለጠፍሁት አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ላባም ሟሽሾ ተጣብቋል።

ስለዚህ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ደጋኔ ይድናል ወይ? ዝናብ በሚበዛበት አገር ደጋን ይዞ የሚወጣ ሰው መሣሪያውን የሚጠብቀው እንዴት ነው?

ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ጭብጥ ነው። ቃል በቃል አልገለበጥሁም፤ የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ የሚመጣ ሁሉ ያንኑ መልሶ መጠየቅ ስለጀመረ፣ የተባለውን በተባለበት ቅደም ተከተል በራሴ አገላለጽ አስፍሬዋለሁ። የግል አስተያየቴን አልፎ አልፎ ጣል ማድረጌን አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

1ኛ መልስ፦ እዚሁ ሐዋሳ ክራር የሚጫወት ወጣት ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ከእኔ ጋር መስማማቱን ገለጠ። ክረምት በገባ ቁጥር የክራሩ ቅኝት በየሰዓቱ እንደሚወርድበት ጽፎ፣ ከዚያ ያለፈ መፍትሔ እንደሌለው በትሕትና ተናገረ። መልካም አጀማመር ነበር።

2ኛ መልስ፦ በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ የተማረ ሰው ጉዳዩን ከሥሩ ያዘው። ጥፋተኛው ዝናቡ ሳይሆን የበረንዳው አየር ነው አለ። እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ገደማ ነው፣ አየሩ ወደ 80 በመቶ ሲወጣና በዚያው ሲሰነብት ግን ወደ 16 በመቶ ይደርሳል። የእንጨቱ ውሃ በአንድ በመቶ በጨመረ ቁጥር ግትርነቱ በ2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ወረቀት አውጥቼ አባዛሁት፤ ሰባት በመቶ በሁለት ሲባዛ ዐሥራ አራት ነው፣ የ18 ኪሎ ዐሥራ አራት በመቶ ደግሞ ሁለት ኪሎ ተኩል። የሽንኩርቱ ሚዛን የነገረኝ ይኸንኑ ነው! አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ወረቀቱን አልጣልሁትም። ጸሐፊው አክሎም ውሃ በእንጨት ጎን ከሚገባው ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል የሚገባው እጅግ ስለሚፈጥን፣ የደጋኑ ሁለት ጫፎች ከሁሉ በፊት ቫርኒሽ ወይም ሰም መጠጣት እንዳለባቸው አሳሰበ። ለእኔ ያዘዘው አውታሩን ፈትቼ፣ ደጋኑን በቤት ውስጥ በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድሜ፣ ፀሐይ ሳላሳየው ቢያንስ አንድ ወር እንድታገሥ ነው። ኃይሉ እንደሚመለስ፣ ጉብጠቱ ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይለቅ አስጠነቀቀ፤ በእርጥበት የላላ እንጨት ተወጥሮ ሲሰነብት ቅርጹን ይይዛልና።

3ኛ መልስ፦ የቆዳ ሥራ ባለሙያ የሆነች ሴት እንጨቱን ለእንጨት ዐዋቂው ትታ ስለ አውታሩ ብቻ ጻፈች። ናይለን ከአየር ላይ ብቻ የክብደቱን 4 በመቶ ያህል እርጥበት እንደሚይዝና ሲረጥብ እንደሚለጠጥ፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አስረድታ፣ ሲባጎውን ጥዬ ከጠንካራ የፖሊስተር ክር ደራርቤ እንድፈትል መከረችኝ። ጅማትና ጠፍር ከሁለቱም የባሱ ናቸው አለች፤ ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ጠፍር አልጋ በክረምት መሬት እስኪነካ ሲረግብ በበጋ እንደ ከበሮ እንደሚወጠር ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ የሰም አቀባቡን እንዲህ ዘረዘረችው። ንጹሕ የንብ ሰም በሁለት ጣት መካከል እስኪለሰልስ ይታሻል፤ አውታሩ ላይ ከላይ እስከ ታች በስሱ ይጎተታል፤ ቀጥሎ ሁለት ታጥፎ በያዘ ቁራጭ ቆዳ አውታሩ ጣት እስኪያሞቅ ድረስ በፍጥነት ይፈተጋል። የሚሠራው ሙቀቱ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ በክሮቹ መካከል ካልገባና ላይ ላዩን ከቀረ አቧራ ይሰበስባል እንጂ ውሃ አይከለክልም። እኔ ይህን አንብቤ በዚያው ምሽት ሞከርሁት፤ ቆዳው ከአውታሩ ላይ ሲያልፍ ከሻካራ ድምፅ ወደ ለስላሳ ፉጨት የሚለወጥበት ቅጽበት አለ፣ ያኔ ሰሙ ገብቷል ማለት ነው።

4ኛ መልስ፦ እስካሁን የነበረው ጨዋነት እዚህ ላይ ተቋረጠ። አንድ ተሳታፊ የመነሻውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳያነብ ይመስላል፣ በሐዋሳ ዙሪያ ደጋን ይዞ መዞር ምን ይባላል ብሎ ቁጣውን አወረደው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል፣ ከከተማችን በማይርቀው ሰንቀሌ መጠለያ የሚገኘው የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የሌለና ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ መሆኑን አስታወሰ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የእኔ ጆንያ ግን ቆርኬ አይደለም። ይህንኑ ብገልጽለትም ይቅርታ አልጠየቀም። ቢሆንም መልሱ በውይይቱ ክር ላይ እንዳለ እንዲቆይ አወያዩን የለመንሁት እኔው ነኝ፤ ስለ አደን በሚወራበት ቦታ ሕጉ ተጽፎ መገኘቱ አይከፋም።

5ኛ መልስ፦ በሸማኔ ቤት ያደጉ አንድ አባት፣ ደጋን ሲባል ለእሳቸው መጀመሪያ የሚታያቸው ጥጥ መንደፊያው መሆኑን ጽፈው በእርጋታ አወጉን። እናታቸው ክረምት ሲገባ የመንደፊያውን ጅማት ፈትተው እንደ ቀለበት ይጠቀልሉትና ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ከጭሱ መካከል ይሰቅሉት ነበር፤ እንጨቱንም ከጎኑ ያጋድሙታል፤ ጭሱ እርጥበቱንም ነቀዙንም ያርቃል። ልጅ ሆነው አንድ ቀን ጅማቱን ሳይፈቱ በመርሳታቸው፣ በነጋታው የተነደፈው ጥጥ እንደ ጭቃ እየተድቦለቦለ አስቸግሮ እናታቸው ምን እንዳሉአቸው ግን አልነገሩንም፤ ለመናገርም እንደማያመች ብቻ ጠቆሙ።

6ኛ መልስ፦ የወንዶ ገነቱ ሰው ተመልሶ፣ ለአባታችን ልምድ ያለውን አክብሮት አስቀድሞ፣ ጅማቱን በጭስ መስቀል መልካም ቢሆንም ለመወርወሪያ ደጋን ግን ከምድጃ በላይ ያለው ቦታ አደገኛ መሆኑን አስረዳ። ጥጥ መንደፊያ በጥቂቱ ብቻ የሚወጠር ሲሆን፣ የቀስት ደጋን ግን ሲሳብ እስከ ጥንካሬው ዳር ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ የደረቀ እንጨት ደግሞ ሳይላላ በድንገት ይሰበራል። የላላ ደጋን ቀስቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የደረቀ ደጋን ፊት ላይ ይፈነዳል ሲል ለየው።

7ኛና 8ኛ መልስ፦ የሚጠበቀው ክርክር ደረሰ። አንዱ ቀስት ማለት የሚወረወረው ዘንግ ነው፣ የሚወረውረው ደጋን ነው፣ ስለዚህ የቀስት አውታር የሚባል ነገር የለም ሲል፣ ሌላው በግእዝ ቀስት የሚባለው ራሱ ደጋኑ እንደሆነ፣ የሚወረወረውም ሐጽ እንደሚባልና በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛም ፍላጻ እንደሆነ አስረድቶ፣ ምስክር አድርጎ የጠራው ቀስተ ደመናን ነበር፤ ሰማይ ላይ የሚታየው ጉብጥ ደጋን እንጂ ቀጥ ያለ ዘንግ አይደለምና። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቃሉ በዕለት ተዕለት አማርኛ ቦታ ለውጧል። ሁለተኛው ግን ጽሑፉን የዘጋው በዝናብ ከቤት የሚወጣ ቀስት ቀስተ ደመና ብቻ ነው ብሎ ስለነበር፣ በጥያቄዬ የተቀለደ ቢሆንም ከልቤ ሳቅሁ።

9ኛ መልስ፦ ጋሼ መጣ። ስሙን ሳልጠራ በአደባባይ ስላማሁት መጀመሪያ ወቀሰኝ፣ ቀጥሎ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የእሱ ደጋን በሁለቱ ጫፎች መዘውር ያለው፣ ኮምፓውንድ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ክንፎቹ፣ ማለትም ሲሳብ የሚጎብጡት ሁለቱ ክንዶቹ፣ ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ስለሆኑ እንደ ወይራዬ ውሃ አይጠጡም። የአውታሩ ክርም ውሃ አይመጥም፤ ሆኖም ውሃው በክሮቹ መካከል ተይዞ አውታሩን ያከብደዋል፣ የከበደ አውታር ደግሞ ቀስቱን ያዘገየዋል፣ የዘገየ ቀስትም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በእርጥብ ወራት ሰም ቶሎ ቶሎ ይቀባል፣ ነገር ግን በእርጥብ አውታር ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ውሃውን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ይሆናል። መጀመሪያ ቀጭን ክር አውታሩ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሞ ከላይ እስከ ታች ይጎትተዋል፤ ክሩ ሲወርድ ውሃውና አሮጌው ሰም ከፊቱ እየተገፋ እንደ ነጭ ዝቃጭ ይወጣል።

የሚቀጥለው ምክሩ ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። በአውታሩ መካከል የምትገባ ዐይን የሚያይባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በዝናብ አንዲት ጠብታ ትሞላትና ዒላማው ሁሉ ይሟሟል። መፍትሔው እፍ ማለት ነው። አንዳንዱ ግን ውሃውን ለማራገፍ ብሎ ቀስት ሳያስገባ አውታሩን ስቦ ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ቀስቱ ይዞት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ደጋኑ ተመልሶ ክንፉን ይሰነጥቃል። ከአደን መልስ ደጋኑን በጨርቅ ያብሳል፣ በመዘውሮቹ ዘንግ ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት የመሰለ ቀጭን ዘይት ያደርጋል፣ ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጭ ፈሳሽ ግን ሰሙን ስለሚያሟሟ ወደ አውታሩ አያስጠጋም። የቀስቱ ስለት በአንድ ሌሊት ዝጎ ሊደንዝ ስለሚችል በስሱ ቫዝሊን ይቀባዋል። የደጋኑን ሣጥን እርጥብ ሆኖ አይዘጋም፣ በማሞቂያ አጠገብም ሆነ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አይተወውም፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላቅቃልና። የዝናብ ልብስ ሰፊ እጅጌ በአውታሩ ተይዞ ቀስቱን ስለሚያዛባም ክንዱን በማሰሪያ ጠበቅ አድርጎ ያስራል፣ ከወቅቱ መግቢያ በፊትም ካፖርቱን ለብሶ በዝናብ ውስጥ ይለማመዳል።

ስለ ላባዬ በመጨረሻ ነው ያነሣው። እሱ በቀስቱ ጭራ ላይ በላባ ፈንታ የሚጠቀመው ውሃ የማይነካውን የፕላስቲክ ክንፍ ነው፤ ለእኔ ግን አይሆንም፤ በእንጨት ደጋን ላይ ቀስቱ የደጋኑን ጎን እየታከከ ስለሚወጣ፣ ላባ ተጣጥፎ ሲያልፍ ፕላስቲክ ግን ነጥሮ ቀስቱን ያስታል። የኔን አቋም በአንድ ዐረፍተ ነገር አፈረሰው፤ ዝናብ የሚያበላሸው ደጋንን ሳይሆን ሰነፍ ባለቤትን ነው አለ።

10ኛ መልስ፦ ደጋኑን ለጋ ቅቤ መቀባት እንደሚበጅ የነገረን ሰው፣ ራሱ ሞክሮት አይጥ አውታሩን እንደበላበት በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አመነ። ሆኖም ስለ ላባ የሰጠው ምክር የሚያዋጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በጉዞ ላይ የቀስቶቹን ጭራ በፌስታል መሸፈን፣ የሟሸሸውን ላባ ደግሞ ውሃ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ማዞር ነው። ላባው በእንፋሎቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲነሣ ማየት ደስ ይላል።

11ኛ መልስ፦ በቅቤ ፈንታ የተልባ ዘይት እንዲሆን ያሳሰበው ተሳታፊ የቤት ዕቃ ይሠራል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቅና እንጨቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ለምግብ የሚጨመቀው ዓይነት ግን ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ በጣም በስሱ፣ በየጊዜው እየደረበ መቀባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በትልልቁ ጻፈ፤ በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን በራሱ እያሞቀ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፣ ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ግድ ነው። ሊያቃጥል ደርሶ የነበረውን የገዛ ወርክሾፑን ታሪክ በሁለት መስመር አልፎታል፤ እኔ እንዲያስረዝመው ብጠይቀውም ፈቃደኛ አልሆነም።

12ኛና 13ኛ መልስ፦ አንዱ በመዘውር የሚጎተት ነገር ደጋን ሳይሆን ማሽን ነው፣ እንዲህ ያለውን ይዞ ጫካ የሚገባም አዳኝ ሊባል አይገባውም ብሎ ነገር ፈለገ። ኮምፓውንዱ ሆሌስ ዊልበር አለን በሚባል የሚዙሪ ሰው ተፈልስፎ በ1969 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት እንደተሰጠው ጠቅሶ፣ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ በክንዱ ያድን እንደነበር አስታወሰ። 13ኛው መልስ የለም፤ አወያዩ ሰርዞታል። የማን እንደነበር መደበቅ አልፈልግም፤ የጋሼ ነበር፣ መሰረዙም ተገቢ ነው።

14ኛና 15ኛ መልስ፦ ውጥረቱን ለማርገብ ይመስላል፣ ታሪክ የሚወድ ሰው በ1346 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ምድር ክሬሲ ላይ ከውጊያው በፊት ዝናብ ጥሎ የጄኖዋ ቅጥረኞች የመስቀለኛ ደጋናቸው አውታር ስለራሰባቸው እንደተሸነፉ፣ እንግሊዞቹ ግን አውታራቸውን ፈትተው ስለደበቁ እንዳሸነፉ ተረከ። ከዚያም ሳይታሰብ ወደ አገር ቤት ተሻግሮ፣ ደጋንን የፈለሰፍነው እኛው ነን፣ ማስረጃውም በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ የተገኘው የባልጩት ጫፍ ነው ሲል ደመደመ። የሚቀጥለው ተሳታፊ ሁለቱንም አረመ። የጄኖዋዎቹም አውታር ሰም የጠጣ በመሆኑ የዝናቡን ታሪክ የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው፤ በጋደሞታ የተገኙትና በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ የተሰጣቸው ጫፎችም በእጅ የሚወረወር ጦር ጫፎች ናቸው እንጂ የቀስት አይደሉም። ለእኔ ግን ከሐዋሳ በመኪና ጥቂት ሰዓት በሚፈጅ ቦታ ያን ያህል ዘመን የቆየ የአዳኝ ስለት መኖሩ ደጋን ሳይጨመርበትም ይበቃኛል።

16ኛ መልስ፦ ከአዳማ የጻፈች የእንስሳት ሐኪም ሁላችንንም በአጭሩ ወደ ጥያቄው መለሰችን። እስካሁን ስለ እንጨት፣ ስለ ክር፣ ስለ ላባና ስለ ቅቤ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተወጋው እንስሳ ግን አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም አለች። ቀስት እንደ ጥይት በድንጋጤ አይጥልም፤ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፤ ሳንባውን በትክክል የተወጋ አጋዘን እንኳ ከመውደቁ በፊት ይሮጣል፣ አዳኙም የሚያገኘው የደሙን ፈለግ ተከትሎ ነው። ዝናብ ሲጥል ያ ፈለግ ምን ይሆናል? ጥያቄው ለጋሼ እንደሆነም ሳትሸፋፍን ጻፈች።

17ኛ መልስ፦ ጋሼ ለሁለት ቀን ዝም አለ። ሲመለስ የጻፈው እስከዚያ ቀን ለእኔም ያልነገረኝን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር፣ ካፊያ በሚጥልበት አንድ ማምሻ፣ ከዛፍ ላይ ማማው ሆኖ በሃያ ሜትር ርቀት አንዲት እንስት አጋዘን ወጋ። ደጋኑ ደረቅ ነበር፣ አውታሩ ሰም ጠጥቷል፣ ስለቱ አልዛገም፣ ቀስቱም ከፈለገበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ብቻ ነበር ያረፈው። የተወጋ እንስሳ ወዲያው ከተከታተሉት ስለሚርቅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የአዳኞች ልማድ ነውና እሱም ጠበቀ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካፊያው ዶፍ ሆነ። ከማማው ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጠሎች ላይ ሐምራዊ የሚመስል ውሃ አገኘ፣ አራተኛው ቅጠል ንጹሕ ነበር። በግንባሩ ላይ ባሰረው ባትሪ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለገ፤ ሮጣበታለች ብሎ ባመነበት አቅጣጫ እየሄደ በራሱ ዱካ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በማግስቱ ጠዋት በተቃራኒው በኩል፣ ከማማው 120 ርምጃ ላይ፣ ደንገል መካከል ወድቃ አገኛት። ኮዮቴ የሚባሉት የቀበሮ ዘመዶች ቀድመውት ደርሰው ነበር። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ አልላከልኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥርዓቱ አጭር ነው። ዶፍ እንደሚመጣ የአየር ትንበያው ካመለከተ፣ አጋዘኑ ከእግሩ ሥር ቢቆም እንኳ አይወረውርም። ካፊያ ብቻ ከሆነ ከዐሥራ አምስት ሜትር በላይ አይሞክርም፤ ከወጋ በኋላም እንስሳው የቆመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ዛፍ በዐይኑ ይዞ በኮምፓስ አቅጣጫውን ያነባል፣ ልማዱን ትቶም ሳይቆይ ይወርዳል፣ ደም ባየበት ቦታ ሁሉ የሽንት ቤት ወረቀት ቁራጭ እየሰቀለ ይሄዳል። ለሐኪሟ ምስጋና አቀረበ፤ ስለ ሰነፍ ባለቤት የተናገረውንም አነሣ። አውታርን ሰም ይጠብቀዋል፣ የደምን ፈለግ ግን የሚቀባ ነገር አላገኘሁም ሲል ጻፈ። የመጀመሪያውን ክርክራችንን እኔ አሸነፍሁ ለማለት ግን አልደፈርሁም፤ እኔ የፈራሁት ለእንጨቴ ነበርና።

18ኛ መልስ፦ ከአሞራ ገደል የዓሣ አስጋሪ ልጅ፣ አባቱ በጥጥ መረብ ሲያሰግሩ በየቀኑ በእንጨት ላይ ዘርግተው ካላደረቁት እንደሚበሰብስባቸው፣ የዛሬው የናይለን መረብ ግን ያን ያህል እንደማያስቸግር ጽፎ፣ የአባ ኮዳ ላባ ካስፈለገኝ በነጻ እንደሚያጠራቅምልኝ ቃል ገባ። ቃሉን ጠብቋል።

19ኛ መልስ፦ ይህ የእኔው ነው። ደጋኑን ፈትቼ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሣጥኑ ላይ በሁለት ጡብ አጋድሜ አስተኛሁት፤ ጫፎቹን ሰም አጠጣሁ፤ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ የተልባ ዘይት አራት ጊዜ በስሱ ደረብሁበት፣ ጨርቁንም ባልዲ ውስጥ ነከርሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የሽንኩርቱን ሚዛን መልሼ ተዋስሁና በአዲሱ የፖሊስተር አውታር እስከ 66 ሳንቲ ሜትር ሳብሁ። መርፌው ትንሽ ተወዛውዞ 17 ኪሎ ከሩብ ላይ ቆመ። ከአራቱ ጣት ጉብጠት ሁለቱ ቀርቷል፤ የወንዶ ገነቱ ሰው እንዳለው መሆኑ ነው። ነጋዴዋ ሽንኩርት የማይመዘንበት ሚዛን ለምን እንደሚያስፈልገኝ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ጋሼ ፎቶግራፉን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ላከልኝ፤ እዚያ የሚሸጠው የአውታር ሰም የንብ ሰም ሽታ እንደሌለው ነበር መልእክቱ። ከገበያ ግማሽ ኪሎ ሰም ገዝቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ለገና ወደ ሚኒሶታ ለሚመለስ ዘመድ ሰጥቻለሁ።